ትንሿ ልጃችን ሦስት ሳይሞላት፦ የኦርላንዶ ጉዟችን

ትንሿ ልጃችን ሴፕቴምበር ላይ ሦስት ዓመት ልትደፍን ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ ወዳለችው ኦርላንዶ የሄድነው በኦገስት 2025 የሆነውም ለዚሁ ነው። እዚያ ያለው ባለ ብዙ ፓርኩ የመዝናኛ ቦታ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትኬት አይጠይቅም። ሦስት ከሞላው በኋላ ግን ልጅም ይከፍላል። ያውም ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ የሚያንሰው በጥቂት ዶላር ነው። አሥር ከሞላውማ ከአባቱ እኩል ነው። የልጅ ዋጋ ሲባል ግማሽ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔን ይሄ ነገር አሁንም ያናድደኛል። የአምስት ዓመት ልጅ ስንቱን መጫወቻ «ቁመትሽ አልደረሰም» እየተባለች ትመለሳለች። በሩ ላይ ግን እንደ ትልቅ ሰው ትከፍላለች። ይሄ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ቤት ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኛ ጋ ትምህርት የሚከፈተው ኦገስት ሊያልቅ ሲል ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ግን በዚያ ጊዜ ልጆቹ ክፍል ገብተው ሳምንት አልፏቸዋል። ዲዝኒ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ትኬት የሚሸጠው በቀኑ ነው። ሰው የሚበዛበት ቀን ይወደዳል፣ የሚያንስበት ቀን ይረክሳል። በ2025 የአንድ ቀን ትኬት እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ ከ119 እስከ 199 ዶላር ነበር። ታክሱ ለብቻው ነው። በነሱ መክፈቻና በኛ መክፈቻ መሃል ያለችው ክፍተት ጠባብ ናት፤ ግን ለኛ አገር ልጆች እንደ እሷ የሚመች ጊዜ አላየሁም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ነው። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። «በሱባኤ ምን ጭፈራ ነው?» ብላ መጀመሪያ ላይ እምቢ አለች። ባለቤቴ «እማማ፣ እርስዎ ካልመጡ እኛም አንሄድም» አላት። የነፍስ አባቷንም አማከረች። ለመንገዱና ለሙቀቱ ሲሉ ውሃ እንድትጠጣ ፈቀዱላትና ሻንጣዋን አዘጋጀች።

እኛ የለመድነው ሲክስ ፍላግስ የሚባለውን የመጫወቻ ፓርክ ነበር። ከቤታችን ብዙ አይርቅም። የዓመት ፓስ አንዴ ትገዛለህ፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዘህ ሁለት ሰዓት ተጫውተህ ትመለሳለህ። ዝናብ ቢመጣ አትናደድም፤ ነገ አለ። ያ ፓርክ ኖቬምበር 2025 ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ፤ ልጆቼ ብቻ ሳይሆኑ እኔም አዝኛለሁ። ዲዝኒ ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ «ከፍዬበታለሁ» የሚል ስሜት ይዞህ ይውላል። እኔ እንደዚህ መዝናናት አልወድም። ለዚህ ነው ሂሳቡን ቤት ጨርሰን ለመሄድ የወሰንነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የአንድ ቀን ትኬት ስትገዛ ፓርኩ ይለያል። ማጂክ ኪንግደም ውዱ ነው፣ አኒማል ኪንግደም ርካሹ። የብዙ ቀን ትኬት ስትገዛ ግን ዋጋው በፓርክ አይለይም። ቀኑ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የአንዱ ቀን ዋጋ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለእናቴ የአኒማል ኪንግደም የአንድ ቀን ትኬት ገዛንላት፤ ከታክሱ ጋር ወደ 130 ዶላር ገደማ። ለኛና ለሁለቱ ትልልቆች የሦስት ቀን ትኬት ሆነ። ከሦስቱ ሁለቱን ቀን ውዱ ማጂክ ኪንግደም ላይ አዋልነው። የሦስት ቀን ትኬት በተከታታይ ካልሆነ አይባልም፤ አምስት ቀን ይሰጥሃል። መሃል ላይ ማረፍ ይቻላል። ከትናንሽ ልጆችና ከእናት ጋር ለሄደ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

በአንድ ቀን ከፓርክ ወደ ፓርክ የሚያዘዋውረውን ፓርክ ሆፐር የሚባለውን ጭማሪ ተውነው። የሁለት ዓመት ልጅ ይዞ በሙቀት አውቶቡስ እየቀያየሩ ሁለት ፓርክ ማየት አይታሰብም። ወረፋ የሚያሳጥረውን ላይትኒንግ ሌይንንም አልገዛንም። ድሮ ተመሳሳዩ ነገር በነጻ ነበር፤ አሁን በሰው በሰው ይከፈላል፣ ዋጋው ደግሞ በየቀኑ ይለያያል። አራት ሰው በሁለት ቀን ሲባዛ አንድ ተጨማሪ ቀን ያስገባል። ለሱ የሚሆነውን ገንዘብ በጠዋት በመነሳት ተካነው።

ከመሄዳችን በፊት ልጆቹን በር ላይ አቁሜ ለካኋቸው። ይሄን ሁሉም ወላጅ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ስፔስ ማውንቴን 112 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን 97። መካከለኛዋ ልጄ ለሁለተኛው ትበቃለች፣ ለመጀመሪያው አትበቃም። ቤት ነገርኳት፣ ቤት አለቀሰች፣ ተጠናቀቀ። ፓርኩ ውስጥ ስንት ልጅ ከአንድ ሰዓት ወረፋ በኋላ መለኪያው እንጨት ስር ሲያለቅስ አይተናል። ማጂክ ኪንግደምን የመረጥነውም በዚሁ ነው። ቁመት የማይጠየቅባቸው መጫወቻዎች የሚበዙት እዚያ ነው።

ከዚያ አይ-95 በሚባለው አውራ ጎዳና ቁልቁል ወረድን። ቨርጂኒያን ሪችመንድ ላይ በትራፊክ፣ ሰሜን ካሮላይናን በእንቅልፍ አለፍናት። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ከአውራ ጎዳናው ዳር ያደርንበት ሞቴል ግን አይረሳኝም። ኤሲው እንደ ሰፈር ወፍጮ ሲያጓራ አደረ። ስናጠፋው ሙቀቱ አላስተኛን አለ፣ ስናበራው ትንሿ ትነቃለች። አልጋው ልብስ ላይ ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ ነበር። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ገብቶ ተኛ። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ስትጸልይ ነጋላት። ጆርጂያን እንዴት እንዳለፍናት አላውቅም።

ሆቴላችን ኪሲሚ ከተማ፣ 192 ቁጥር መንገድ ላይ ነበር። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ «የዲዝኒ ትኬት በቅናሽ» የሚሉ ትንንሽ ቤቶች ተደርድረዋል። ቤንዚን ስንቀዳ አንዱ ሰውዬ ራሱ መጣ። የማይታመን ዋጋ ጠራ። ባለቤቴ ምን እንደሚጠበቅብን ጠየቀው። ጠዋት ቁርስ እየበላን ዘጠና ደቂቃ ስለ ታይምሼር፣ ማለትም ከሌሎች ጋር በየተራ ስለሚጠቀሙበት የእረፍት ቤት ሽያጭ፣ ማዳመጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችን እንደዚያ ገብተው ዘጠናው ደቂቃ ግማሽ ቀን ሆኖባቸው ነበር። የዲዝኒ ቀንህ ደግሞ ዋጋው ስንት እንደሆነ አስላው፤ ግማሹን ሰጥተህ ቅናሽ አገኘሁ ማለት አይቻልም። ሌላም አለ። ሰው የተረፈውን ቀን የሚሸጥልህ ከሆነ እንዳትነካው። በሩ ላይ የጣት አሻራ ይወሰዳል። ትኬቱ መጀመሪያ የገባበትን ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለሌላ ማስተላለፍም ክልክል ነው። እውነተኛ ቅናሽ የሚገኘው ዲዝኒ በይፋ ከሚያውቃቸው ሻጮች ነው። እሱም ብዙ አይደለም። ለወታደር ቤተሰብና ለፍሎሪዳ ነዋሪ ግን ለብቻው ርካሽ ትኬት አለ። ዘመድህ እዚያ ከሆነ ለራሱ ይጠቀምበት፤ ላንተ ሊገዛልህ አይችልም።

የእናቴ ቀን መጀመሪያ ሆነ። ፓርኪንግ 30 ዶላር ከፈልን። ጠዋት እንስሳቱ ሳይደክማቸው ብለን በቀጥታ ወደ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ ሄድን። ክፍት መኪና ላይ ተጭኖ በሜዳው መሃል መዞር ነው። ቁመት አይጠይቅም፣ ሕፃንም ይገባል። ቀጭኔ አጠገባችን ቆመ። አንበሳዋ ድንጋይ ላይ ተዘርግታ ነበር። እናቴ አንበሳዋን ብዙም አላየቻትም፤ «ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ስንቴ አይቻለሁ» አለች። አንኮሌ የሚባሉት ከብቶች ሲመጡ ግን ከመቀመጫዋ ተነሳች። ቀንዳቸው ሲበዛ ትልቅ ነው። «ወይ ጉድ! ይሄ ስንት ዋንጫ ይወጣዋል!» ብላ ጮኸች። ሹፌሯ ምን እንዳለች ጠየቀችን። ልጄ ተረጎመላት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እናቴን እንደዚያ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቻለሁ። 130 ዶላሩን እዚያው ረሳሁት።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። አንድ ወረፋ ላይ ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ትልቅ ሴት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ከፊታችን ነበሩ። የእናቴን ፊት አይተው ዝም አላሉም። ወረፋቸውን ትተው ወደ አንድ የምግብ መስኮት ሄዱና በረዶ ያለበት ውሃ በብርጭቆ ይዘው መጡ። ገንዘብ ስሰጣቸው ሳቁብኝ። ለስላሳ ከማሽን የሚቀዳበት ቦታ ሁሉ የበረዶ ውሃ ከጠየቁ በነጻ ይሰጣል። ከጎኑ ሰው የታሸገ ውሃ በብዙ ዶላር ይገዛል። ከዚያ በኋላ ውሃ አልገዛንም። ሴትዮዋና እናቴ ቋንቋ አይግባቡም፤ ወረፋው እስኪያልቅ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ።

ለጿሚ አንድ መልካም ዜና። ታሙ ታሙ የሚባለው ሱቅ ዶል ዊፕ ይሸጣል፤ የአናናስ አይስክሬም ነው፣ ወተት የለውም። እናቴ ሻጩን ልጅ ሁለቴ አስጠየቀችው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በላች፣ ወደደችው። ምግቡን ግን ከቤት ይዘን ነበር። ዳቦ ቆሎ፣ ለእኛ የጾም ፍርፍር፣ ለልጆቹ ሳንድዊች። ምግብ ማስገባት ይፈቀዳል። የብርጭቆ ዕቃና የተፈታ በረዶ ግን አይገባም፤ በላስቲክ የታሸገውን ማቀዝቀዣ ያዙ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በኦገስት ይሄ የፍሎሪዳ የዘወትር ነገር ነው። መብረቅ ሲመጣ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ሰዉ ወደ መኪናው ሮጠ። እኛ ከሜሪላንድ በርካሽ የገዛነውን የላስቲክ ዝናብ ልብስ ለብሰን ጣሪያ ስር ተቀመጥን። ውስጥ ያንኑ ልብስ ከአሥር ዶላር በላይ ነው የሚሸጡት። ሰዓት ገደማ ጠብቆ አባራ። ሲከፈት ወረፋው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

የማጂክ ኪንግደም የመጀመሪያ ቀናችን ቡሄ ላይ ዋለ። በዚያው ቀን ማታ የሃሎዊን ድግስ ነበረ። አዎ፣ በኦገስት። የድግሱ ትኬት ሌላ ነው፤ የተራ ትኬት ያለው ሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው የማታው ርችት እንዳያመልጠው ብሎ እነዚያን ቀናት ይሸሻል። እኛ አውቀን መረጥነው። ከመከፈቱ በፊት ደርሰን፣ በጀልባ ሐይቁን ተሻግረን ገባን። ወረፋው አጭር ነበር። ማይን ትሬን ላይ ራይደር ስዊች ጠየቅን። እኔ ትንሿን ይዤ ስቆይ ባለቤቴና ትልልቆቹ ወጡ፤ ሲመለሱ እኔ ወረፋውን ዳግም ሳልሰለፍ ገባሁ። ይሄም በነጻ ነው። ወንዱ ልጄ ከሁሉ በላይ የፈለገው ቢግ ተንደር ማውንቴን ግን ለጥገና ተዘግቶ ነበር። ዋጋው ላይ ምንም አልቀነሱም። ይሄም አናዶኛል።

ማታ ሆቴል ስንመለስ እናቴ ሙልሙል ዳቦ አዘጋጅታ ጠበቀችን። ሲልቨር ስፕሪንግ ጋግራ በሻንጣዋ ይዛው ነው የመጣችው። ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ ጨፈሩላት፣ መረቀቻቸው። ጎረቤት ክፍል ያለው ቤተሰብ በሩን ከፍቶ አየን፤ ለእነሱም ቆርሳ ሰጠቻቸው።

በሁለተኛው ቀን ርችቱን አየን። ትንሿ ጋሪዋ ላይ ተኝታ አለፋት።

ስንወጣ የሆቴሉ ደረሰኝ ላይ በየሌሊቱ «ሪዞርት ፊ» የሚል ተጨምሯል። ስንይዝ ባየነው ዋጋ ውስጥ አልነበረም። ለምንድነው ስንል ለመዋኛ ገንዳውና ለፓርኩ አውቶቡስ ነው ተባልን። አውቶቡሱ በቀን ሁለቴ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ አንዴም አልተሳፈርንበት። ባለቤቴ አልጮኸም። ከሜይ 2025 ጀምሮ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያቸውን በሙሉ መጀመሪያ በሚያሳዩት ዋጋ ውስጥ እንዲያካትቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አውጥቷል። ስንይዝ ያተመውን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ልጅቷ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ ወረቀቱን አየና አዲስ ደረሰኝ አተመ። የቀነሰልን ገንዘብ መኪናውን ጆርጂያ ውስጥ እስካለችው ሳቫና ከተማ በቤንዚን አደረሰው።