በልብስ ሰፊ ሜትር የዘመተ ጦር

ባለፈው ክረምት አንድ የ13 ዓመት ልጅ ይቅር አለኝ። ነገሩ ካለፈ ሁለት ወር አልፎታል፤ እኔ ግን ዛሬም ሌሊት እየነቃሁ፣ ልጁ ግቢው ሙሉ ሰው በሚሰማው ድምፅ «ችግር የለውም ጋሼ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ» ያለበትን ቅጽበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሜ አየዋለሁ። ቢሰድበኝ ኖሮ ረስቼው ነበር።

የነገሩ ጠንቅ የእህቴ ልጅ ነው። ከጀርመን ለእረፍት ሲመጣ ለዘመድ ሽቶና ቸኮሌት፣ ለሰፈሩ ልጆች ደግሞ ሁለት ሣጥን ሙሉ ጦር ይዞ መጣ። ወታደሮቹ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጡ፣ ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ ተገጣጥመውና ተቀብተው ጠረጴዛ ላይ የሚሰለፉ ናቸው። ጨዋታው ዋርሃመር 40,000 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ አገር የወጣ ነው። ቼዝ የሚያውቅ ሰው፣ ሰሌዳው ጠፍቶ ጦሩ ብቻ ተርፎ ቢያስብ በግማሽ ይገባዋል። ካሬ የሚባል ነገር ስለሌለ ማን የት እንደሚደርስ የሚወስነው ሜትር ነው፤ ማን እንደሚሞት የሚወስነው ደግሞ ዳይስ ነው። የእኔ እግረኛ በአንድ ተራ 6 ኢንች ይራመዳል፣ ጠመንጃው 24 ኢንች ይደርሳል፤ ጠላቱ ከዚያ በፀጉር ያህል ቢርቅ እንኳ አይተኩስም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢ ይያዝልኝ፤ መከራዬ ሁሉ ከእነርሱ ውስጥ ነው የወጣው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የሰፈሩ ልጆች ጨዋታውን ከባለቤቱ በላይ አወቁት። ወታደር ያልደረሰው ቆርኪ በቆርኪ ላይ እያጣበቀ የራሱን ክፍለ ጦር አቋቋመ። ከዚያ ውድድር ይደረግ ተባለ፤ 8 ሰው፣ 3 ዙር፣ ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ በአንዲት ጎረቤታችን ግቢ። ሰባት ተገኝተው አንድ ሲጎድል፣ የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ አንተ ቁጥር ማሟያ ትሆናለህ» አለኝ። ቁጥር ማሟያ መሆን በራሱ የሚያሳፍር ነገር ቢሆንም፣ ያን ጊዜ እንደ ክብር ነው የወሰድኩት። ከ100 ነጥብ 10ሩ ለተቀባ ጦር የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከግቢያችን በር በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ወታደሮቼን ቀባሁ። ጥቂቶቹ ከቀለሙ ውፍረት የተነሣ ፊታቸው ቢጠፋም ነጥቡ አልተከለከለኝም።

ደንቡ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱን ሜትር ይዞ እንዲመጣ ያዝዛል። የእኔን የብረት ሜትር አንድ ጎረቤቴ «ለአንድ ደቂቃ» ብሎ ከወሰደው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሰላምታ እየሰጠኝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እያማረረልኝ፣ አንድም ቀን ሜትር የሚለውን ቃል ሳያነሣ ይኖራል። እናም በውድድሩ ጠዋት ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ወርጄ፣ የስፌት መኪናው ጩኸት ስም ባወጣለት በዚያ መንገድ ላይ ለ15 ዓመት ሱሪ የሰፉልኝን ልብስ ሰፊ ሜትራቸውን እንዲያውሱኝ ጠየቅኋቸው። ከአንገታቸው አውርደው «እስከ ማታ» ብለው ሰጡኝ።

ስለዚህ ሜትር በዝርዝር መናገር ይኖርብኛል። በወጣትነቱ ቢጫ እንደነበረ የሚያስታውቀው በ50 እና በ60 መካከል ያለው፣ እጅ ብዙም የማይነካው ክፍሉ ብቻ ነው፤ የቀረው የለጋ ቅቤ መልክ ይዟል። 17 ቁጥር በአውራ ጣት ብዛት ጠፍቷል። ጫፉ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ትወዛወዛለች። ጨርቁ ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል፣ የሰው ላብና የተተኮሰ ልብስ ሽታ አለው። ይህ ሜትር ስንት ዘመን የሐረርን ቦርጭ አቅፎ ኖሯል! ስንት ሙሽራ፣ ስንት ነጋዴ፣ ስንት የቀበሌ ሊቀ መንበር ትንፋሹን ውጦ ሲለቅ፣ እርሱ አብሮ ተወጥሯል። እኔ በ19 ዓመት የኦዲት ሥራዬ ስንት ሚዛን፣ ስንት ነዳጅ መቅጃ፣ ስንት የመጋዘን መዝገብ ፈትሼ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ይህን ሜትር ግን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በመጀመሪያው ዙር ተሸነፍኩ። በሁለተኛውም ተሸነፍኩ። ይህን አሁን የምጠቅሰው በኋላ ትልቅ ትርጉም ስለሚኖረው ነው። በሦስተኛው ዙር ልጁ ደረሰኝ።

ልጁ ጨዋ ነው። ችግሩም ይኸው ነው። እኔ ያደግሁት ዳማ በሚጫወቱ ሰዎች መካከል ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ቆርኪ የሚበላ ሰው ቆርኪውን ብቻ ሳይሆን የተበላውን ሰው ዘር ማንዘር ጭምር እየበላ ነው የሚያነሣው፤ ያልተሰደበ ተሸናፊም እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል። እዚህ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። ከመጀመርህ በፊት ትጨባበጣለህ፣ ልታደርግ ያሰብከውን አስቀድመህ ትናገራለህ፣ ዳይሱን ሁለታችሁም በምታዩበት ቦታ ትጥላለህ፣ ባላጋራህ አይቶ ሳይጨርስ አታነሣም፣ ዳይስ ዕቃ ተደግፎ ዘመም ካለ ሳትከራከር ደግመህ ትጥላለህ። ልጁ ይህን ሁሉ ሲፈጽም እንደ ዲያቆን ነበር። የእኔን ሰማያዊ ወታደሮች አምስት አምስት እያደረገ ጠራርጎ ሲያወጣቸው እንኳ «ጥሩ ቦታ ነበር የያዙት ጋሼ፣ ዳይሱ ነው ያልሆነልዎት» ይለኛል። ሰውን እየገደሉ ማጽናናት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

ከዚያ ያቺ ቅጽበት መጣች። አምስት ሰው ብቻ ቀርቶኛል። ከወዲያ ማዶ፣ ከሻይ ቅጠል ካርቶን ከተሠራ ፍርስራሽ አጠገብ፣ የልጁ የኦርክ አለቃ (ኦርክ የሚባሉት የጨዋታው ጭራቅ ወታደሮች ናቸው) መጥረቢያውን አንሥቶ ቆሟል። ሜትሬን ዘረጋሁ። ልክ 24! ከደስታዬ ብዛት ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ በማይገባ ድምፅ «ሃያ አራት!» ብዬ ጮህኩ፤ ሜትሩንም በልጁ አፍንጫ ሥር ያዝኩለት። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና «አዎ ጋሼ፣ 24 ይላል» አለ። ቀጥሎም በትሕትና «እኔም ልለካው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፈቀድኩለት። የብረት ሜትሩን ጭርር አድርጎ መዘዘው። 25 ከሩብ።

ሁለቱን ሜትሮች ጎን ለጎን አስተኛቸው። ከዜሮ አብረው ተነሡ፤ 5 ላይ ተለያዩ፣ 10 ላይ በግልጽ ተፋቱ፣ 24 ላይ ሲደርሱ የእኔው ከአንድ ኢንች በላይ ቀድሞ ሄዷል። በሌሎቹ ሦስት ጠረጴዛዎች ላይ ጦርነቱ ቆመ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ለማረጋገጥ ከጨርቅ ሱቅ የእንጨት ሜትር ሊያመጣ ሮጠ፤ የእንጨቱም ሜትር ለብረቱ መሰከረ። ሆጃ የሚባለውን የሐረር መጠጥ ይዘው የመጡት የግቢው እመቤት ከሰው ትከሻ በላይ አይተው ሜትሩን ለዩት። «አቦ! የእኔን መጋረጃ የቆረጠው ይኼ አይደለም እንዴ?» ባለቤታቸው መስኮቱን በብረት ሜትር ለክተው ቁጥሩን በወረቀት ልከው ኖሯል፤ ሰፊው ደግሞ በዚህኛው ቆርጠው መጋረጃው ይኸው አራት ዓመት ሙሉ መሬት ይጠርጋል። ሰው ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞሮ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

በዚያች ሰዓት ልናገራቸው የሚገቡኝን ቢያንስ አሥራ ሁለት ግሩም ዓረፍተ ነገሮች ከዚያ ወዲህ በአልጋዬ ላይ ሆኜ አዘጋጅቻለሁ። ያን ቀን ከአፌ የወጣው ግን «የልብስ ሰፊ ሜትር እኮ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ከኋላ አንዱ «ጋሼ ለጦሩ ሱሪ ሊያሰፉለት ነው?» አለ። ሳቁ የጀጎልን ግንብ አልፎ ሸዋ በር ሳይሰማ አልቀረም።

ዳኛው የእህቴ ልጅ ነው። ዘመድ ነው ተብሎ እንዳይታማ ፊቱን አጥቁሮ «ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ነበር ስትለካ የነበረው?» ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ይህ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ወለደ፤ በድምሩ ስንት ኢንች ወስጃለሁ? ሒሳቡን የሚሠራ ሲጠፋ፣ እርሳስ አንሥቼ ራሴን ኦዲት ያደረግሁት እኔው ነኝ። በእያንዳንዱ 6 ኢንች ላይ ወደ ሦስት ዐሥረኛ የሚጠጋ ኢንች፣ ለ10 ወታደር፣ በ4 እርምጃ፤ በአንድ ጨዋታ 12 ኢንች ያህል መሬት ያለ አግባብ ተወስዷል። በግልጽ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ አስረከብኩ። የመጀመሪያው ዙር ባላጋራዬ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ «እንዲህም ሆኖ ነው እንዴ ያሸነፍኩዎት?» አለ፤ ይህ በምርመራው ጊዜ ከተነገሩት ሁሉ የከፋው ነበር።

ልጁ ያን ጊዜ ነው እጁን የዘረጋልኝ። «ችግር የለውም ጋሼ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ። ለጀማሪ ያጋጥማል።» ጨበጥኩት። ሰው አጨበጨበ፤ ለእርሱ ነው ያጨበጨበው። እኔ ሌባ አለመሆኔን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ይቅርታው አስቀድሞ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ላልበደልኩት በደል ይቅርታ እንደተቀበለ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ከዚያ ተቀምጠን ጨዋታውን ጨረስን፤ ኦርኩ በሚቀጥለው ተራ መጥቶ አምስቱንም ጨረሳቸው።

አላበቃም። በፍጻሜው ላይ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አብሮት በመጫወቱ ደስ ያሰኘውን አንድ ባላጋራ ይመርጣል፤ አሸናፊው የጸባይ ዋንጫ ይወስዳል። የአገራችንን ኳስ የተከታተለ ሰው የጸባይ ዋንጫ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም። ሦስት ሰው ገጥሜ ነበር፤ ሦስቱም እኔን መረጡ። ጨዋ ስለሆንኩ እንደመረጡኝ እንዳላምን የሚያደርገኝ፣ ሦስቱም ያሸነፉኝ መሆናቸው ነው። ዋንጫው ወርቅማ ቀለም የተቀባ የፔርሙዝ ክዳን ሲሆን፣ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጣው እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ከሜትሩ ትጀምራለች።

ለራሴ መከላከያ ፍለጋ የዚህን ዓይነት ጨዋታ ታሪክ ማገላበጤን አልደብቅም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ለአሻንጉሊት ወታደሮች ጦርነት የደንብ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሰውየው ጉዞ የሚለካው በምን እንደነበር ታውቃላችሁ? በሲባጎ! ለእግረኛ የአንድ ጫማ፣ ለፈረሰኛ የሁለት ጫማ ሲባጎ ቆርጦ። ተኩሱን ደግሞ በሞላ በሚሠራ የመጫወቻ መድፍ የእንጨት ጥይት እየወረወረ ነበር፤ የመታው ይወድቃል፣ የሳተው ይቆማል፣ 24 ነው 25 ነው የሚል ክርክር የለም። ሲባጎ ሲጎትቱት አይለጠጥም? ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በስልክ ባስረዳው «አጎቴ፣ አሁንም እርሱን ነው የምታስበው?» አለኝ።

እውነት ለመናገር ይበልጥ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ለዓመታት ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ እየወረድኩ 34 ቁጥር ሱሪ እገዛለሁ፤ ቤት ስደርስ አይዘጋም። በዚህ ምክንያት ከስንት ሻጭ ጋር ተጣልቻለሁ፤ አንዱንማ በዚያ ሙቀት ውስጥ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ቁጥር ለጥፋችሁ ታታልላላችሁ» እያልኩ ጮኼበታለሁ። ከውድድሩ ማግስት አዲስ የብረት ሜትር ገዛሁና፣ በሩን ቆልፌ፣ ሲባጎ በወገቤ አዙሬ በዚያ ለካሁት። 35 ከሦስት ሩብ።

የተዋስኩትን ልመልስ ስሄድ ነገሩን ለልብስ ሰፊው ተናገርኩ። መኪናቸውን ሳያቆሙ ሰምተውኝ፣ «እኔ በዚሁ ለክቼ በዚሁ ነው የምቆርጠው። የሰፋሁልህ ሱሪ ጠቦህ ያውቃል?» አሉኝ። አያውቅም። መልስ አጣሁ። ሜትሩን ተቀብለው አንገታቸው ላይ ጣል እንዳደረጉት አንድ ወፍራም ሰውዬ ገቡ፤ ሸሚዛቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ ሜትሩ ዞራቸው፣ ሰፊውም «38» ብለው ጻፉ። ሰውየው ፊታቸው በራ። «አርባ ነበርኩ እኮ! በእግር መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ ነው» አሉና፣ ምስክር ፈልገው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው።