ስክሪን የሌለው ቀረጻ

ተማሪዎቼ ሙዚቃ በቴፕ መቅዳት ወደማስተምርበት ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ስክሪን ነው። ዓይናቸው ጠረጴዛውን ይዞራል፣ ግድግዳውን ያስሳል። የለም። ሁለት ትልልቅ ሪል፣ ማለትም ቴፑ የሚጠቀለልባቸውን ጎማዎች፣ የተሸከመ ከባድ ማሽን አለ፤ ሚክሰር፣ ስፒከሮችና መርፌያቸው የሚወዛወዝ ሜትሮች አሉ። በቃ። «ቲቸር፣ ድምፁን የት ነው የምናየው?» የሚል አይጠፋም። አይታይም እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ትንሽ ቆይቶ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

ስለ ቴፕ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው «ይሞቃል» የሚለውን ነው። ወፍራም ድምፅ፣ ነፍስ ያለው ድምፅ፣ ምናምን። ውሸት አይደለም። ድምፁን ጠንከር አድርገህ ስትልክበት ቴፑ ከአቅሙ በላይ ስለማይቀበል የድራሙ ሹል ጫፍ ይለዝባል። ግን ለዚህ ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ብረት ማስነሳት አያስፈልግም። ያንን የሚያስመስሉ ፕለጊን የሚባሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ አንዳንዶቹ በጣም ጥሩ ናቸው። እኔ ቴፕ የማስተምረው ለሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተር ላይ ተማሪው የሚቀዳው በዓይኑ ነው። የድምፁን ምስል ስክሪን ላይ አይቶ «ቤዙ ዘግይቷል» ይላል፣ ሳይሰማው። እዚህ ግን ከጆሮው ሌላ የሚጠይቀው የለም።

ሥራው የሚጀምረው በጽዳት ነው። ጥጥ በአልኮል ነክረን ሄዶቹን፣ ማለትም ድምፁን ቴፑ ላይ የሚቀዱትንና ከቴፑ የሚያነቡትን ክፍሎች፣ እንዲሁም ቴፑ የሚያልፍባቸውን ብረቶች እንጠርጋለን። ቡናማ ብናኝ ይዞ ይወጣል፤ ከቴፑ ላይ የተፋቀ የብረት ኦክሳይድ ነው። ቀጥሎ ሄዶቹ ላይ የተጠራቀመውን ማግኔት እናጠፋለን። እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም። ማሽኑ መጥፋት አለበት። የተቀዳ ቴፕ ሁሉ ከአካባቢው ይነሳል። ማጥፊያውን ከሩቅ አብርተህ ቀስ ብለህ ትጠጋለህ፣ ቀስ ብለህ ትርቃለህ፣ ከራቅህ በኋላ ታጠፋዋለህ። ሄዱ አጠገብ ካጠፋኸው ልታስወግድ የመጣኸውን ማግኔት ራስህ ትተህለት ትሄዳለህ።

ከዚያ ልኬት አለ። ጊታር ሳይቃኝ እንደማይመታ ሁሉ ቴፕ ማሽንም ሳይለካ አይቀዳበትም። የመለኪያ ቴፕ እናጫውታለን፤ 1,000 ኸርዝ፣ 10,000 ኸርዝ፣ መርፌው ቦታው እስኪገባ ድረስ በየቻናሉ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ጆሯቸው የሚነቃው ባያስ ጋ ስንደርስ ነው። ባያስ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ወደ ቴፑ የሚላክ፣ ለሰው ጆሮ የማይሰማ እጅግ ቀጭን ሞገድ ነው። ያለ እሱ ቀረጻው ሸካራና የተዛባ ይሆናል። ኤኢጂ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ማግኔቶፎን የተባለውን የቴፕ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1935 በርሊን ላይ ለሕዝብ ሲያሳይ ድምፁ ገና ለጥሩ ሙዚቃ የሚሆን አልነበረም። በ1940 ዋልተር ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሙከራ ላይ እያለ አንድ ማጉያ በራሱ ጊዜ እንዲህ ያለ ሞገድ ማመንጨት ጀመረ። የቴፑ ድምፅ ድንገት ጠራ። ተማሪዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ብልሽት የሚመስል ነገር ሲያጋጥም ከማጥፋት በፊት ማዳመጥ እንደሚያዋጣ የኔ ምክር ሳይጨመርበት ይነግራቸዋል።

ቀረጻው ራሱ ስምንት ትራክ ላይ ነው፤ ትራክ የምንለው ቴፑ ላይ ጎን ለጎን ለየብቻ የሚቀዳውን የድምፅ መስመር ነው። ማን የት እንደሚገባ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፋል። ከስምንቱ ሁለት ብቻ ሲቀሩ ሁለት አማራጭ አለ፤ መተው ወይም ማቀላቀል። ማቀላቀል ማለት የድራሙን አራት ትራክ ሚዛኑን አስተካክለህ ወደ ሁለት መጠቅለል፣ ከዚያም በአራቱ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት ነው። ከዚያ በኋላ «ስኔሩን (ከድራሞቹ አንዱን) ትንሽ ከፍ ላድርግ» ብሎ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የቢትልስ ባንድ «ሳርጀንት ፔፐር» አልበም የተሠራው ባለ አራት ትራክ ማሽኖች ላይ ነው። ስምንት አነሰን ብለው ሲያማርሩብኝ ይቺን አነሳለሁ። በነገራችን ላይ 762 ሜትር ርዝመት ያለው ሪል በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር እየሮጠ የሚይዘው 33 ደቂቃ ያህል ነው። ባንዱ ሳይለማመድ ከመጣ ይህ ጊዜ በማስተካከል ያልቃል። ስለዚህ ተለማምዶ ይመጣል።

በጣም የምወደው ግን የቆረጣው ትምህርት ነው። ማሽኑ በማዳመጥ ላይ እያለ ሁለቱን ሪሎች በእጅህ ወደፊትና ወደኋላ ትገፋለህ። ሙዚቃው ተጎትቶ ያጉረመርማል። የድራሙ ምት «ዱፍ» መሆኑ ቀርቶ ረጅም «ዉዉዉፕ» ይሆናል። ያ ድምፅ የሚነሳበትን ትክክለኛ ነጥብ ፈልገህ ከማዳመጫው ሄድ ፊት ለፊት በቴፑ ጀርባ ላይ በሰም እርሳስ ምልክት ታደርጋለህ። ከዚያ ምላጭ። ሰያፍ ነው የሚቆረጠው፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ መጋጠሚያው «ጭ» ሊል ይችላል፣ ሰያፍ ከሆነ ግን አንዱ ድምፅ እየወጣ ሌላው ይገባል። ምላጩም ማግኔት የያዘ መሆን የለበትም።

እዚህ ላይ ተማሪው ጊዜን በእጁ ይይዘዋል። ቴፑ በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲሮጥ፣ በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን፣ አንድ ምት 19 ሴንቲ ሜትር ነው። በማስመሪያ ትለካዋለህ! አንዲት ተማሪዬ ከድምፃዊው መስመር በፊት ያለውን ትንፋሽ ከመጨረሻው ሚክስ (ሁሉም ትራክ ከተቀላቀለበት ቴፕ) ላይ ቆርጣ አወጣችና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። መልሳ ስታዳምጥ ዘፈኑ ተንገዳገደ። ትንፋሹ ያህል ጊዜም አብሮ ሄዷላ። የለጠፈችውን አንስታ መልሳ ቀጠለችው። ኮምፒውተር ላይ ትንፋሽ ማጥፋት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡት፤ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል።

መሐል ገብቶ መቅዳትም አለ፣ ፓንች የምንለው። ድምፃዊቷ አንድ መስመር ስታበላሽ ያቺን መስመር ብቻ እየቀዳህ መውጣት ነው። ሪከርድን ዘግይተህ ከለቀቅክ ቀጥሎ ያለው ጥሩ መስመር ጠፋ፤ መመለሻ የለም። ይህን ከሁሉ የተሻለ የሚሠራው ቴክኒክ ላይ ጎበዝ የሚባለው ልጅ አይደለም። ቤዝ የሚጫወት ዝምተኛ ልጅ ነው። ሜትሩን አያይም። በመስታወቱ የድምፃዊቷን ትከሻ ያያል፤ ትንፋሽ ስትስብ ይገባል።

ዘፈኑ ሲያልቅ ቴፑ ወደ መጀመሪያው አይጠነጠንም። መጨረሻው በውጭ በኩል እንደሆነ ይቀመጣል። ቴፕ ተጠቅልሎ ሲቆይ ከንብርብር ወደ ንብርብር ድምፅ ይጋባል። በዚህ አቀማመጥ ጎልቶ የሚጋባው ከዋናው ድምፅ በኋላ ስለሚመጣ ብዙ አይሰማም፤ በተቃራኒው ቢሆን ዘፈኑ ሳይጀምር ቀድሞ ይሰማ ነበር። ከማስቀመጣችን በፊት ወደ ኮምፒውተር እናሻግረዋለን። የሚቀየመኝ ይኖራል፣ ግን እኔ የኮምፒውተር ጠላት አይደለሁም።

ማሽን የሌላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ቴፕ ማሽን ውድ ነው፣ ጠጋኙም ብርቅ ነው። ትምህርቱን ግን ባላችሁበት መሞከር ትችላላችሁ። ስምንት ትራክ ብቻ ክፈቱ። ስትቀዱም ሆነ ስታዳምጡ ስክሪኑን አጥፉት። አዲስ ሙከራ ከመቅዳታችሁ በፊት አሮጌውን ሰርዙ፣ የተደበቀ ቅጂም አታስቀሩ። ኢኪውና (የድምፁን ቀጭንና ወፍራም የሚያስተካክለውን) ኮምፕረሰሩን (የድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያቀራርበውን) ስትቀዱ አብራችሁ ቅዱት። ባንዱን ደግሞ ከቀረጻው ቀን በፊት አለማምዱት።