በእኛና በባሕሩ መካከል ያለፈው አውራ ጎዳና

በበጋ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችን ይዞ ወደ ቱርክ የባሕር ዳርቻ መሄድ ፍራንክፈርት በምናውቃቸው ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ ሦስት ጊዜ ምግቡና ከአየር ማረፊያ የሚያደርሰው አውቶቡስ በአንድ ዋጋ ስለሚገኝ ለቤተሰብ ይመቻል። ከመሄዴ በፊት የሄዱትን ሁሉ ጠይቄአለሁ። ስለ ምግቡ ብዛትና ስለ ባሕሩ ሙቀት ያልነገረኝ የለም። የተከፈለበት ሆቴልና የተሰጠው ሆቴል የተለያዩ ሆነው ሲገኙ ምን እንደሚደረግ ግን አንድም ሰው አላነሳልኝም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ይህን የምጽፈውም በሚቀጥለው በጋ ሌላ እናት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተኙ ልጆች ይዛ እንግዳ መቀበያ ፊት ስትቆም ምን ማድረግ እንዳለባት እንድታውቅ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሰነድ ልናገር። የጀርመን ፓስፖርት ያለው ሰው ለእረፍት ሲሄድ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀናት ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም ቪዛ ያስፈልገዋል። ሰማያዊውን የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዛችሁ ደግሞ የቲኬት ሻጩን ቃል አትመኑ፤ ከቱርክ ቆንስላ በጽሑፍ መልስ ሳታገኙ አንድ ዩሮ አትክፈሉ። እናት ወይም አባት ከአዲስ አበባ ለጉብኝት መጥተውላችሁ የሼንገን ቪዛቸው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ይዛችኋቸው እንዳትሄዱ። ቱርክ የሼንገን አባል አይደለችም፤ አንዴ ከወጡ በዚያ ቪዛ ተመልሰው ጀርመን አይገቡም።

ሆቴልና አውሮፕላን ለየብቻ ከመግዛት ደግሞ ጥቅሉን መግዛት ይሻላል እላለሁ። ለየብቻው ጥቂት ሊረክስ ይችላል። ነገር ግን ኤፍቲአይ የተባለው ትልቅ የጀርመን የጉዞ ድርጅት በ2024 ሲከስር ጥቅል ጉዞ የገዙት ገንዘባቸው በጉዞ ዋስትና ፈንዱ ሲጠበቅላቸው፣ ሆቴል ብቻ የገዙት ያ ከለላ አልነበራቸውም። በጀርመን ሕግ ጥቅል ገዢ ሌላም ብዙ መብት አለው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የቱርክ የደቡብ ባሕር ዳርቻ ከተማ በሆነችው አንታሊያ ያረፍነው እኩለ ሌሊት ገደማ ነበር። የፓስፖርቱ ቁጥጥር ፈጣን ነው። የእኛ ሆቴል በአላንያ አቅራቢያ ኮናክሊ በሚባለው ቦታ ስለነበረ ከአየር ማረፊያው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጓዝን። አውቶቡሱ በየሆቴሉ ሰው እያወረደ ስለሚሄድ መንገዱ ይረዝማል። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ይህን አስቡበት፤ ቤሌክና ሲዴ ለአየር ማረፊያው በጣም ይቀርባሉ።

እንግዳ መቀበያው ላይ የቆመው ወጣት ስማችንን ኮምፒውተሩ ላይ ሲፈልግ ቆየና ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። ሆቴሉ ከአልጋው በላይ እንግዳ ተቀብሏል። አውቶቡሱ ላይ አብራን የነበረችው የጉዞ ድርጅቱ ተወካይ ነገሩን ቀድማ እንደምታውቅ ፊቷ ይናገር ነበር። “እኩል ደረጃ ያለው እህት ሆቴል ተዘጋጅቶላችኋል” አለችና አንድ ወረቀት ዘረጋችልን። ወረቀቱ ላይ የተለዋጩን ሆቴል እኩልነት እንቀበላለን፣ ወደፊትም ምንም ጥያቄ አናነሳም የሚል ሰፍሯል። ለፈረመ ሰው የቱርክ የእንፋሎት መታጠቢያ (ሐማም) ነጻ ትኬት ይሰጠዋል።

ባለቤቴ ልጁን ትከሻው ላይ እንዳስተኛ “ተይው፣ ልጆቹ ይተኙ፣ ነገ ይታያል” አለኝ። ከሽቱትጋርት የመጡ አንድ የእኛ አገር ሰው፣ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር እዚያው የቆሙ፣ “እህቴ፣ የሰው አገር ነው፤ ከሰው አትጋጪ” ብለው ፈረሙ። እሳቸውን አልወቅስም፤ እኛን ያሳደገን ይሉኝታ ነው። ነገር ግን ይህ ይሉኝታ ለጉዞ ድርጅቶች የሚያተርፍላቸውን ገንዘብ ማን ይቁጠረው? እኔ አልፈርምም አልኩ። ተወካይዋ ካልፈረምኩ ክፍል እንደማይሰጠኝ ነገረችኝ። “እሺ፣ ልጆቼን እዚሁ ሶፋ ላይ አስተኛለሁ፤ ፎቶግራፍም አነሳለሁ” ብዬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ያለ ፊርማ ወሰዱን።

እህት ሆቴል የተባለው ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣ በተራራው በኩል ነው። ዲ-400 የሚባለው መንገድ የሜዲትራንያንን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄድ፣ ቀንም ሌሊትም ከባድ መኪና የማይጠፋበት ጎዳና ነው። በአላንያ አካባቢ በብዙ ቦታ በሆቴሎችና በባሕሩ መካከል ያልፋል። ወደ ውኃው የሚኬደው ከመንገዱ ሥር በተሠራ መተላለፊያ ነው፤ የእኛ መተላለፊያ አምፖሉ የተቃጠለ፣ ወለሉ ላይ ውኃ የተኛበት ነበር። በክፍላችን ሰገነት በር ላይ አንድ የላላ መስታወት አለ፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ትንሿ ልጄ በእያንዳንዱ መንቀጥቀጥ ዓይኗን ትገልጥ ነበር።

ሻንጣ ሳልፈታ የጻፍኩት ነገር ነው በኋላ ያዳነኝ። አባቶች “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት እውነት ነው። የጎደለውን አንድ በአንድ ጻፍኩ፦ የተገዛው ሆቴል ስም፣ የተሰጠን ሆቴል ስም፣ የባሕር እይታ የለም፣ በመካከል አውራ ጎዳና አለ፣ የሌሊት ጩኸት አለ። ቀንና ሰዓት አስገባሁ፤ እስከ ማግሥቱ ማታ ወደ ገዛነው ሆቴል እንዲያዛውሩን ጠየቅሁ። ለጉዞ ድርጅቱ በኢሜይል ላክሁ። ጠዋት ደግሞ ያንኑ አትሜ ለተወካይዋ ሰጠሁና “ደርሶኛል ብለሽ ፈርሚልኝ” አልኳት። እሷም በተራዋ አልፈርምም አለች። ባለቤቴ በምስክርነት አብሮኝ ቆሞ ስለነበረ ያንን ራሱን መዘገብኩት፦ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ሰጥቻታለሁ፣ ፊርማ ከልክላለች።

ክፍሉ ውስጥ ያለው መመሪያ ችግር ያለበት ሰው በተወካይዋ የምክር ሰዓት እንዲመጣ፣ አለዚያም በስልክ እንዲደውል ይላል። እኔ የምለው ከዚያ ይለያል፤ መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ተናገሩ። በስልክ የተባለ ነገር ስትመለሱ “አልተመዘገበም” ይባላል። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጓዡ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለድርጅቱ ማሳወቅ አለበት፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ቢናገር ድርጅቱ “ብትነግረን እናስተካክል ነበር” ብሎ የዋጋ ቅናሹን ሊያስቀርበት ይችላል። ለሆቴሉ ሠራተኛ ብቻ መንገርም አይበቃም፤ ውላችሁ ከጉዞ ድርጅቱ ጋር ነው።

በማግሥቱ ሌላ ነገር ገጠመን። በመጀመሪያ ወደ ገዛነው ሆቴል ዳርቻ ስንወርድ ጠባቂው ሆቴሉ ለእንግዶቹ የሚያስረውን የእጃችንን አምባር ቀለም አየና መለሰን። የቱርክ የባሕር ዳርቻ ሕግ፣ በ1990 የወጣው ቁጥር 3621፣ ዳርቻው ለሁሉም ሰው እኩልና ነጻ መሆኑን ይደነግጋል። ሆቴሉ የሚያከራየው አልጋና ጥላ እንጂ ባሕሩን አይደለም። ይህን ከጉዞው በፊት አንብቤው ስለነበረ አልጋቸውን ሳልነካ ፎጣዬን ውኃው አጠገብ ዘረጋሁና የሕጉን ቁጥር ነገርኩት። ሄዶ አለቃውን አማከረ፤ ተመልሶም አልመጣም። ልጆቼ እስኪጠግቡ ተጫወቱ። በዚያ ቀን እጅግ ኮርቻለሁ።

ድርጅቱ አላዛወረንም። ፍራንክፈርት ስመለስ የከፈልኩትን፣ የጎደለውንና የምጠይቀውን መጠን ጽፌ የ14 ቀናት ጊዜ ሰጠሁ። መጠኑን ከራሴ አላመነጨሁትም። የፍራንክፈርት ክልል ፍርድ ቤት በ1985 ያወጣው፣ ዛሬም ብዙዎች እንደ መነሻ የሚጠቀሙበት ሠንጠረዥ አለ፦ ለሌሊት ጩኸት ከጉዞው ዋጋ ከ10 እስከ 40 በመቶ፣ ለጠፋ የባሕር እይታ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይላል። ዳኞችን አያስገድድም፤ ለደብዳቤ ግን ጉልበት ይሰጣል።

የመጀመሪያው መልስ ይቅርታና ለሚቀጥለው ጉዞ የሚያገለግል የቅናሽ ኩፖን ነበር። ኩፖን አትቀበሉ። የከፈላችሁት ገንዘብ ነው፤ የሚመለስላችሁም ገንዘብ ነው። ስደውል ያነሳው ሰው ደግሞ ከጉዞ በኋላ አንድ ወር ስላለፈ መብቴ እንደተቃጠለ ነገረኝ። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ንዴት መግለጽ ያቅተኛል፤ ምክንያቱም የአንድ ወሩ ገደብ ከሐምሌ 2018 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ቀርቷል። ዛሬ ያለው ጊዜ ጉዞው ሊያበቃ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ስንት ሰው በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ተሸንፎ ስልኩን ዘግቶ ይሆን? እኔ ወደ ሸማቾች ምክር ማዕከል ሄጄ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሰገነቱን፣ መተላለፊያውንና ያልፈረምኩትን ወረቀት ፎቶግራፍ አያያዝኩ። ቀጥሎ ፍርድ ቤት እንደምሄድ ገለጽኩ። ከጠየቅሁት ትንሽ ያነሰ ገንዘብ ወደ ባንክ ሒሳቤ ገባ። የሽቱትጋርቱ ቤተሰብ የፈረሙት ወረቀት እንዴት እንደተመለሰባቸው በኋላ ደውለው ነግረውኛል፤ ያገኙት ነገር የለም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሆቴሉን በሳተላይት ካርታ ፈልጉና በሕንጻውና በውኃው መካከል ሰፊ ግራጫ መስመር መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ሲዴ አካባቢ አውራ ጎዳናው ከባሕሩ ርቆ በማናቭጋት በኩል ያልፋል፤ ዳርቻውም አሸዋማና ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ነው። ዋና ለማያውቁ ልጆች ከዚያ የተሻለ አላውቅም። አላንያ ከተማ ያለው የክሊዮፓትራ ዳርቻ ውብ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት እርምጃ እንደገባችሁ ወለሉ በድንገት ይጠልቃል። ኮንያአልቲና ከመር የሚባሉት ዳርቻዎች ጠጠር ስለሆኑ የውኃ ጫማ ያስፈልጋል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማንም ምንም ቢል አትግቡ። የልጆች ሹሩባ የባሕር ጨው ሲጠጣ ስለሚደርቅ ከባሕር በወጡ ቁጥር በንጹሕ ውኃ አጥቡት።

ነሐሴ ላይ የምትሄዱ ጾመ ፍልሰታን አትፍሩ። ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነበር። በወይራ ዘይት የተሠሩ ቀዝቃዛ የአትክልት ምግቦች፣ ባቄላው፣ ደበርጃኑ፣ ሩዝ የተሞላው የወይን ቅጠል በየቀኑ ይቀርባል። የምስር ሾርባው ግን ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ፤ አብሳዮቹ በትዕግሥት ያስረዳሉ።

ገንዘብ ስታወጡ ማሽኑ በዩሮ ላስላልህ ብሎ ከጠየቀ እምቢ በሉና በሊራ ይሁን በሉ፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የጉዞ የጤና ዋስትና ግዙ፤ የጀርመኑ የሕዝብ ዋስትና በቱርክ የሚያገለግለው በቅጽ ነው፣ የቱሪስት መንደር የግል ክሊኒኮች ደግሞ ያንን ቅጽ በቀላሉ አይቀበሉም። ወደ ከተማ ለመሄድ የሆቴሉ ሰዎች ታክሲ እንድትይዙ ይመክሯችኋል፤ እኔ ግን በአውራ ጎዳናው ላይ የሚመላለሰውን ዶልሙሽ የተባለ ሚኒባስ እመክራለሁ። ነጻ ተብሎ የሚሰጠውን የአውቶቡስ ጉብኝት ዝለሉት፤ የቆዳና የወርቅ ሱቅ ውስጥ ሰዓታት ያስቀምጣችኋል። ከዚያ ይልቅ ዴምሬ ሂዱ። የጥንቷ ሜራ ነች፤ ከ318ቱ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ቅዱስ ኒቆላዎስ ጳጳስ የነበረባት። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ከአላንያ ግን ሩቅ ስለሆነ ሙሉ ቀን ያዙለት።

ከሲዴም ሆነ ከሌላ ጥንታዊ ፍርስራሽ ልጆቻችሁ ድንጋይ እንዳያነሱ። በ1983 የወጣው የቱርክ የቅርስ ሕግ ጥብቅ ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ በዚህ የተያዙ ቱሪስቶች አሉ። ከሆቴል ከመውጣታችሁ በፊት የልጆቹን ቦርሳ ራሳችሁ ፈትሹ።