ጥቁር ጭስ ጉልበት አይደለም

አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ የጭነት መኪና ሳይ ያንገበግበኛል። ሥራዬ የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል መጠገን ነው፤ ፖምፓው ናፍጣውን ይገፋል፣ ኖዝሉ ሞተሩ ውስጥ ይረጨዋል። ያ ጭስ በደንብ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ሾፌሩ ገንዘብ ከፍሎበታል፤ ጉልበት ሳይሰጠው በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ወጣ።

ጋራዥ የሚመጡት ግን የሚሉኝ ሌላ ነው። «ጋሼ፣ አቀበት ላይ ሰነፈብኝ፤ ናፍጣ እንዲጨምር ፖምፓውን ትንሽ ክፈትልኝ።» አልከፍትም። የጎደለው ናፍጣ ሳይሆን አየር ነው።

አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲነድ ወደ 14.5 ኪሎ አየር ይፈልጋል። የናፍጣ ሞተር በብልጭታ የሚለኩስ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል፤ ኖዝሉ በዚያች ቅጽበት ሲረጭ ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል በፈረንጆቹ 1897 አውግስበርግ ላይ ካሳየው ጀምሮ ነገሩ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የድሮ ሜካኒካል ፖምፓ ይህን አያውቅም፤ ወደብ ላይ የሚሰጠውን ናፍጣ እንጦጦ ላይም ይሰጣል። ቱርቦ ያለው አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ ይሻላል። የሌለው ያጨሳል። በዚህ ላይ ፖምፓው ሲከፈት ሙቀቱ ከልክ ያልፋል። አናቱ ቀልጦ የተበሳ ፒስተን በእጄ ይዤ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የማየው የአየር ፊልትሮውን ነው። እኛ ጋ በኮምፕረሰር ነፍቶ መመለስ ልማድ ሆኗል። በኃይል ሲነፋ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ አቧራው ገብቶ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይበላዋል። ከዚያ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፤ አሁን የሚነደው ዘይት ነው።

ቀጥሎ ኖዝሉን አውጥቼ መፈተሻው ላይ አስረዋለሁ። እጀታውን ስጫን ጌጁ ይወጣል፤ በብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች 200 ባር አካባቢ ሲደርስ ኖዝሉ ይከፈታል። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ እያሰማ እንደ ጉም ይበትነዋል። ያለቀው ድምፁ ይጠፋል፤ ናፍጣው ሳይበተን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ይቀራል። ጠብታ ከአየር ጋር በደንብ አይቀላቀልም። ላዩ ሲነድ ውስጡ ጥላሸት ይሆናል። (ሙያውን የምትማሩ ልጆች፣ እጃችሁን ከፊቱ አታድርጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።)

ናፍጣ ላይ ላምባ የሚቀላቅሉም አሉ። ፖምፓውን ከውስጥ የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ላምባ ቀጭን ነው፤ ብረት ከብረት ያፋጫል። በርካሽ የተገዛው ነዳጅ ፖምፓ ያስቀይራል።

ቱርቦ ለሌለውና ደጋ ላይ ብቻ ለሚውል መኪና፣ እኔ እንዲያውም ፖምፓውን ትንሽ እቀንሰዋለሁ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። ጉልበቱ እምብዛም አይጎድልም፤ ጭሱ ግን ይቀላል፤ የናፍጣ ወጪውም ይቀንሳል።