ስለ ርካሽ የተሳቢ ጎማ

ዛሬ ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የአንድ ተሳቢ ጎማ ፈንድቶ፣ ቁርጥራጩ አስፋልቱን ሞልቶት አየሁ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ሾፌሩ በዚያ ሐሩር ጎማ እየቀየረ «ርካሽ ስለሆነ ነው» አለኝ።

ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ዋጋውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ውድ ጎማም ቢሆን አየሩ ጎድሎ ከልክ በላይ ከተጫነ ይፈነዳል። አየር ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ከውስጡ ሽቦ ያላቅቀዋል። የቆላው አስፋልት ግለት ደግሞ ይጨመርበታል። ተሳቢ ላይ ሲሆን የባሰ ነው፤ ጎን ለጎን ከተገጠሙት ጥንድ ጎማዎች አንዱ ሲተነፍስ ሸክሙ ሁሉ በሌላው ላይ ያርፋል፣ ሾፌሩም በመሪው ቶሎ አይሰማውም።

ወገኖቼ፣ ስትገዙ የጎማውን ጎን አንብቡ። ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ላስቲክ ሳይሠራም ያረጃል። የሚሸከመውን ክብደትም እዚያው ታገኙታላችሁ። አየሩን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ በመለኪያ አስለኩ፤ በመዶሻ መምታት ብቻውን አይበቃም።

ባለንብረቶች፣ ሾፌራችሁ «ይህ ጎማ ይቀየር» ሲላችሁ እባካችሁ ስሙት። ጭነቱን ይዞ የደንገጎን ቁልቁለት የሚወርደው እሱ ነው።