«ትናንት ሥላሴ አልነበር እንዴ?»

ሜሪላንድ ውስጥ የሕክምና አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። በፈረንጆቹ 2017፣ ኦክቶበር። አንዲት ልጅ «እናቴ መርሳት አብዝታለች» ብላ እናቷን ይዛ መጣች።

ሐኪሙ ሞካ የሚባለውን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተና አወጣ። ከ30 ይታረማል፤ 26 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ደህና ነው ይባላል። ሰዓት ይሣሉና አስራ አንድ ከአስር ላይ ያድርጉት አለ። እኔም የሰማሁትን እንዳለ፣ «እማማ፣ አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ያድርጉት» አልኳቸው። ክቡን አዞሩ፣ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ደረደሩ፣ ከዚያ አጭሩን ቆጣሪ 5 ላይ፣ ረጅሙን 2 ላይ አሳረፉ። ሐኪሙ ሰረዘ። እኔ ዝም። ሥራችን ከተባለው ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስ ነውና ሌላው አይመለከተኝም ብዬ።

መጨረሻ ላይ ቀኑን ተጠየቁ።

«2010 ነዋ። ጥቅምት 8፣ ረቡዕ። ትናንት ሥላሴ አልነበር እንዴ ልጄ?»

ዓመቱን ሰረዘ። ወሩንም፣ ቀኑንም። ያኔ ነው ክው ያልኩት። ሴትዮዋ እኮ የወሩን በዓል ሳይቀር ያውቃሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሰባት ዓመት ወደኋላ ቀርተዋል። ሰዓቱም ትዝ አለኝ። በእኛ አስራ አንድ ከአስር ሲሆን የእጅ ሰዓታችን የሚያሳየው 5 ከ10 ነው። እሳቸው ልክ ናቸው፤ «አምስት ሰዓት ከአስር» ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

«አስተርጓሚው ማብራራት የሚፈልገው ነገር አለ» ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ይሄ ሕጉም የሚፈቅደው ነው፣ እስከዚያ ድረስ መጠበቅ አልነበረብኝም። ሐኪሙ አልተከራከረም። እዚያው አስተካከለው፤ 17 የነበረው 21 ሆነ።

21 ግን ደህና ናቸው ማለት አይደለም። እንዲይዟቸው ከተነገሯቸው አምስት ቃላት ከደቂቃዎች በኋላ የመጣላቸው አንዱ ብቻ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከአቆጣጠር ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ሐኪሙ ወደ ልጅቷ ዞረ። መንገድ ይጠፋቸዋል? ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ? ጆሯቸውስ? ቢ12 እና ታይሮይድ እንዲታይ ደም አዘዘ፤ የመርሳቱ ምክንያት እነሱ ከሆኑ በሕክምና ሊሻል ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ አሳዩኝ ሲል ልጅቷ ከቦርሳዋ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የእንቅልፍ ክኒን አወጣች። እናቷ ማታ ማታ ይወስዱታል። ያ ዓይነቱ ክኒን በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ራሱ ያደነዝዛል፣ ያስረሳል። እሱን አቁመው ተመልሰው እንዲመጡ ቀጠረን።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን ሳያነሳ መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ፦ «ዛሬ በእናንተ ቀኑ ስንት ነው?»