የሃሚንግበርዷን ስኳር ውሃ ከበረዶ ያተረፍኩበት መንገድ

የምኖረው ሲያትል ነው። በረንዳዬ ላይ አንዲት የወፍ መመገቢያ ሰቅያለሁ። ስኳር ውሃ ትይዛለች፣ ከሥሯ ትንንሽ ቀዳዳ ያላቸው ቀይ አበቦች አሏት። ደንበኛዬ ሃሚንግበርድ የምትባል፣ የአበባ ወለላ የምትጠጣ ትንሽዬ ወፍ ናት፣ ዓይነቷም አናስ ሃሚንግበርድ ይባላል። ሌሎቹ የሃሚንግበርድ ዓይነቶች ብርዱ ሲመጣ ወደ ሜክሲኮ ይሄዳሉ፣ እሷ ግን እዚሁ ትከርማለች። ክብደቷ 4 ግራም ቢሆን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው።

በ2021 የፈረንጆች ገና ሰሞን ብርዱ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ድረስ ወረደ። እኔ እንደ ወትሮው መመገቢያውን ሞልቼ ተኛሁ። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ወፏ መጥታለች፣ ምንቃሯን ወደ አንዱ ቀዳዳ ትልካለች፣ ትመልሳለች፣ ወደሌላው ትዞራለች። ውሃው ድንጋይ ሆኗል። በካልሲ ሮጬ ወጥቼ አወረድኩትና ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። እስኪቀልጥ ድረስ አጥሩ ላይ ላባዋን ነፍታ፣ እንደ ኳስ ድብልብል ብላ ጠበቀችኝ። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እነዚህ ወፎች በብርድ ሌሊት ቶርፖር የሚሉት ሁኔታ ውስጥ ይገባሉ። የሰውነታቸው ሙቀት በጣም ይወርዳል፣ የልብ ምታቸውም ይቀንሳል፣ ያቺን ያለቻቸውን ጉልበት የሚቆጥቡት በዚህ ነው። ጎህ ሲቀድ ሲነቁ ስንቃቸው አልቋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ውሃው ቢረጋ ለእሷ ምንም አይደለም፣ በሌሊት አትመጣም። ቁም ነገሩ ንጋት ላይ ፈሳሽ ሆኖ መገኘቱ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት ስኳር መጨመር ነበር። ልኩ 1 ኩባያ ስኳር በ4 ኩባያ ውሃ ነው፣ እሱም ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል ይረጋል። በ3 ኩባያ ሳደርገው ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልሆነም። ተውኩት። (ማርና ቀይ ቀለም ግን በጭራሽ አትጨምሩ። ማር ቶሎ ይሻግታል፣ ቀለሙም አያስፈልግም።)

ቀጥሎ የሱፍ ካልሲ አለበስኩት። መርጋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ከዚያ የገና መብራት ጠመጠምኩበት፣ ግን ኤልኢዲ ስለነበር ምንም ሙቀት የለውም። ድሮ የምናውቀው፣ ሲነኩት የሚያቃጥለው አምፖል ነው የሚሠራው። 7 ዋት የሆነች ትንሽ አምፖል ገዝቼ ከመመገቢያው ሥር አንጠለጠልኩ፣ ነፋሱ ሙቀቷን እንዳይወስደው በጣሳ ከለልኳት። እጄን ሳስጠጋ ለብ ይላል። ለመጠነኛ ብርድ በቂ ናት። ገመዱ ግን ለውጭ የተሠራ መሆን አለበት፣ መሰኪያውም ዝናብ የማያገኘው ቦታ ይሁን፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ብርዱ ሲጠና ግን አምፖሏም አልቻለችም። መፍትሔ የሆነኝ ሁለተኛ መመገቢያ መግዛት ነው። አንዱ ውጭ ሲሆን ሌላው ቤት ውስጥ ይቆያል፣ የውጩ መርጋት ሲጀምር አቀያይራለሁ። ማታ ሲጨልም የውጩንም አስገባለሁ፣ ቀድሜ ግን አላስገባም፣ ወፏ ለሌሊቱ የምትጠግበው የመጨረሻዋ ብርሃን ላይ ነው። ጠዋት ሳይነጋ መልሼ እሰቅላለሁ። ቦታውንም ከጣሪያው ሥር፣ ከመስኮቱ አጠገብ አደረግኩት፣ ከቤት የሚወጣው ሙቀት ትንሽም ቢሆን ያግዛል።

በታኅሣሥ ሲያትል ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ለሥራ ቀድሜ ስለምወጣ ይህን ነገር አሁን የያዘችው እናቴ ናት። ለጸሎት ስትነሳ ውሃውን ለብ አድርጋ ትሰቅላለች፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ሥራ ቦታ ሆኜ ስልኬ ይጮሃል። «መጣች፣ ጠጣች» ትለኛለች።